ስድስት ወር የተባለው ቅጣት

ጭሮ ላይ ስለ ወንጀልና ስለ ማፈንገጥ ማስተማር ቀላል ነው እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ምሳሌው ከመስኮት ውጭ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሞቅ ሲልና ተማሪው ማዛጋት ሲጀምር መስኮቱን ከፍቼ ወደ ዋናው መንገድ እጠቁማለሁ። «እዚያ ማዶ ጫት የሚቅመውን ሰውዬ እዩት፤ ጥፋተኛ ነው?» እላለሁ። ይስቃሉ። ግማሾቹ ከክፍል ሲወጡ የሚሄዱት ወደዚያው ነው። «እሺ፣ ይኸው ሰውዬ ጉንጩን እንደወጠረ እኛ ቤተ ክርስቲያን ቢገባስ?» ስል ሳቁ ይቆማል። ሰውዬው ያው ነው፣ ቅጠሉም ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። ይህን ታርጋ የመለጠፍ ንድፈ ሐሳብ እንለዋለን። አንድን ሰው ደጋግማችሁ ሌባ ካላችሁት መጀመሪያ ጎረቤት ያምናል፣ ውሎ አድሮ እሱ ራሱም ያምናል። ጻፉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል እላቸዋለሁ።

ይህን ባስተማርኩባቸው ዓመታት የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊም ነበርኩ። ሰኞ ሰኞ ስለ ታርጋ አስተምራለሁ፤ እሑድ እሑድ እለጥፋለሁ። መምህሩና ጸሐፊው አንድ ሸሚዝ ይለብሱ ነበር፤ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

አዴ የምላቸውን ሴት ነው የምጽፈው። በእኛ አገር እናትንም የእናት እኩያንም አዴ እንላለን። የወለዱኝ ሌላ ናቸው፤ መጸለይና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ መገልበጥ ያስተማሩኝ ግን አዴ ናቸው። በሕፃናት ክፍል ውስጥ እርሳሱን በጣቶቼ መሃል አስገብተው፣ እጄን በእጃቸው ይዘው ፊደል ያስጽፉኝ ነበር። ጽሕፈቴ ሲያምር «ኢልመ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አማርኛቸው መሃል ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ፤ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በኦሮምኛ ነበር።

በኳየር ውስጥ ደግሞ ያለ እሳቸው አይሆንም ነበር። ጭሮ መብራት ሲጠፋ አይነግርም፤ በመዝሙሩ መሃል ኪቦርዱ ድርግም ይላል፣ ማይክሮፎኑም አብሮት ይሞታል። ወጣቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አዴ ካሉበት ሆነው ድምፁን ያነሱታል፤ መብራት መጥፋቱንም እንረሳለን። አንዳንዴ መብራት ባይመጣ ብዬ የምመኝበት ጊዜ ነበር።

ባላቸው ሹፌር ነበሩ፤ ታመው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ ቤት ሙሉ ሰው ለጥቂት ቀናት አብሯቸው ተቀመጠ፣ ጸለየ፣ ሄደ። እኛም ሄድን። አዴ ሥራ ፈለጉ፣ አገኙም፤ ጫት ማሰር። ጠዋት ጠዋት ከየገጠሩ የሚመጣውን ጫት ሴቶች በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይለቅማሉ፣ እንጨቱን ከለምለሙ ይለያሉ፣ በልክ በልኩ ያስራሉ፣ እንዳይጠወልግ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላሉ። አዴ አልቃሙም፣ አልሸጡም። አሰሩ ብቻ። ግን ጣት አይዋሽም፤ አረንጓዴው ቆሻሻ በሳሙና አይለቅም። አንድ እሑድ መዝሙር ሲዘምሩ እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ አንዲት የኳየር አባል ጣታቸውን አየች። ነገሩ በሳምንቱ እኛ ዘንድ ደረሰ።

የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ ግልጽ ነው፤ መቃም፣ መሸጥ፣ በንግዱም መካፈል ክልክል ነው። ደንቡን በንጹህ ጽሕፈት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሰባት ሆነን በጠባቧ ቢሮ ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን የጭነት መኪና ነበራቸው፤ መኪናዋ ምን ጭና ወደ ድሬዳዋ እንደምትወርድ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የእኔም ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ተከራይ የጫት ነጋዴ ነበር፤ «ቤት አከራየሁ እንጂ ጫት አልሸጥኩ» ብዬ ከኅሊናዬ ጋር ከተስማማሁ ቆይቻለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ስለ መኪናው ያነሳ የለም፣ ስለ ቤቶቹ ያነሳ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ሰባት ሆነን አብረን ያሰርነው አንዲት ባላቸው የሞቱባቸውን ሴት ነው።

አዴ ተጠርተው መጡ። አልካዱም፣ ችግራቸውንም አልዘረዘሩም። ስድስት ወር ከጌታ እራትና ከአገልግሎት መታገዳቸውን ሰብሳቢው ነገሯቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የት ልቀመጥ?»

«እንደ ደንቡ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ» አሉ ሰብሳቢው።

«እሺ።»

እኔ ቃለ ጉባኤውን ጨርሼ እንዲፈርሙ ወረቀቱን አዞርኩላቸው። ዝቅ ብለው አዩት። «እጅህ አሁንም ያምራል፣ ኢልመ ኮ» አሉኝና ፈረሙ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዳልተቀየሙኝ ቆጥሬው። ዛሬ ሳስበው እዚያው ወንበሩ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር የእኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምልክት የለበትም፣ ማንም አይናገርም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በቅጣት ላይ ነው። በወሩ መጀመሪያ እሑድ የጌታ እራት ሲታደል ዳቦው በሳህን እየዞረ ይመጣል። የታገደው ሰው ሳህኑን ተቀብሎ፣ ከእሱ ሳይነካ፣ አጠገቡ ላለው ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ ምእመናን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላም ከመባባላቸው በፊት ደግሞ ቀድሞ ይወጣል፤ ጨብጡኝ አትጨብጡኝ ብሎ ሰው እንዳያስቸግር። የኋላው በር ማጠፊያው ዝጓል፣ ሲከፈት ይጮኻል። ስለዚህ የታገደ ሰው ሲወጣ ሁሉም ይሰማል፤ ሁሉም ያልሰማ ይመስላል።

አንድ ሌላ ልማድ አለን፤ እሱም በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም። የታገደ ሰው «መቼ ነው የምመለሰው?» ብሎ አይጠይቅም። ከጠየቀ ገና አልተሰበረም ይባላል። መጠየቅ ያለባቸው እንዲከታተሉ የተመደቡት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ለአዴ የተመደብነው እኔና አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርን።

በሦስተኛው ወር መምህሩ ወደ ቦኬ ተዛወረ። እሱ የእኔን መኖር አምኖ ሄደ፤ እኔ እሱ ሪፖርቱን ለሰብሳቢው ሰጥቶ ነው የሄደው ብዬ ተቀመጥኩ። ስድስተኛው ወር መጥቶ አለፈ። ከዚያ የሽማግሌዎች ምርጫ ሆነ፣ ሰብሳቢው ተለወጡ፣ ማኅተሙና ፋይሎቹ ለአዲሶቹ ተላለፉ። የአዴ ወረቀት በቡናማው ፋይል ውስጥ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ቀረ። አዲሶቹ ሽማግሌዎች አዴን ያገኟቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነው፤ ንስሐ ባይገቡ ነው እንጂ ብለው አሰቡ። የማያውቀው ምእመን ደግሞ ለወንበሩ የሚመጥን ጥፋት ፈለገላቸው። አንዱ ጠንቋይ ቤት ታይተዋል አለ፣ ሌላው ከሰው ትዳር ገብተዋል አለ። ጫቱን ያስታወሰ ሰው ጠፋ። አዴ ጫት ማሰሩን የተውት ገና በሁለተኛው ወር ነበር፤ ሽንኩርት እየቸረቸሩ ነበር የሚኖሩት። ሄዶ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

እኔ በየእሑዱ አያቸው ነበር። ለሚያነበኝ ሰው ይህን ማመን እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለእኔም ይከብደኛል። ስገባ አጎንብሼ ሰላም እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም አጎንብሰው ይመልሱልኛል፣ አልፌ ወደ ፊት እሄዳለሁ። አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከቆየ ዓይን ከግድግዳው ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። መብራት ሲጠፋ ኳየሩ ይዘበራረቃል፤ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማኛል፣ ምን እንደሆነ አልጠይቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ።

ያነቃኝ የራሴው የቤት ሥራ ነው። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ፣ ኅብረተሰቡ ወደ ዳር የገፋውን አንድ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ፣ ስም ግን አትጻፉ እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያመጡት፤ የቀድሞ እስረኛ፣ ሰካራም፣ ሌባ የተባለ ጎረምሳ። ያን ዓመት ከአሰቦት በኩል የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ልማድ አታውቅም፣ እኔም እዚያ ሽማግሌ መሆኔን አታውቅም። ገበያው አጠገብ ቤት ተከራይታ ስለምትኖር ሽንኩርት የምትገዛቸውን ሴት አነጋገረች።

ወረቀቷን መምህራን ክፍል ተቀምጬ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ጥፋት አጥፍተው ነበር፣ ጥፋቱን ከተዉ ቆይቷል፣ ቅጣቱ ግን አልተዋቸውም። ተማሪዋ ጎረቤቶቻቸውን ብትጠይቅ «ኃጢአቷ ከባድ ነው» አሏት፤ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አላገኘችም። ይህን ሳነብ ከጎኑ በቀይ «በጣም ጥሩ ምሳሌ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴም ያምር ነበር።

ሁለተኛው ገጽ ላይ መብራት ሲጠፋ መዝሙሩን ያነሱ የነበሩት እሳቸው እንደነበሩ ይናገራል። እስክሪብቶውን ያስቀመጥኩት እዚህ ጋ ነው። የቀረውን ያነበብኩት ቆሜ ነው። ተማሪዋ ለምን አይጠይቁም ብላቸው ነበር። አዴ የመለሱላትን እንዳለ ጽፋዋለች፤ «የጻፈው ልጄ ነው። ልጄ አይረሳኝም። የቆየው የእኔ ጥፋት ከባድ ስለሆነ ነው።»

አጠገቤ የተቀመጠ መምህር «ምነው፣ ኩረጃ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ ወረቀቱን አጠፍኩና ወጣሁ። ባጃጅ ሳልይዝ ቁልቁል ወደ ገበያው በእግሬ ሄድኩ፤ ፈጥኜ መድረስ ፈርቼ ነበር።

አዴ ሽንኩርታቸውን በማዳበሪያ ላይ ዘርግተው፣ የበሰበሰውን ልጣጭ እየገፈፉ ነበር። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ። ስለ ፈጣሪ ይቀመጡ ብዬ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ መሃሉ ላይ ገባሁ።

«አዴ፣ ቅጣቱ አልቋል። ካለቀም ቆይቷል።»

«ማን ጨረሰው?»

«ስድስት ወር ነበር እኮ። እኔ ነኝ የረሳሁት። ማንም ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ረስቼ ነው።»

ሽንኩርቱን መላጥ አላቆሙም። «ስድስት ወር እንደሆነ አውቃለሁ። ቆጥሬዋለሁ። የመጨረሻው እሑድ ነጠላዬን አጥቤ ነው የመጣሁት፣ ትጠሩኛላችሁ ብዬ። ሰባተኛው ወር ሲመጣ ሌላ ያላየሁት ጥፋት ቢኖርብኝ ነው ብዬ መፈለግ ጀመርኩ።»

«ምንም አልነበረብዎትም።»

«ኢልመ ኮ፣ ሰው ራሱን ከበረበረ የማያገኘው ጥፋት አለ እንዴ?» አሉኝ። «ብዙ አገኘሁ።»

አለቀስኩ። በገበያ መሃል፣ ተማሪዎቼ በሚያልፉበት መንገድ ዳር። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ሽንኩርት የነካ እጃቸውን ዓይኔ እንዳያቃጥል ከፊቴ አርቀው በክንዳቸው ትከሻዬን ደገፉኝ። «ሆማ ሚቲ» ይሉኝ ነበር፣ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም።» ቢሰድቡኝ፣ አደራ በላ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። አደራ በላ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተወሰነ፤ ሦስት ዓመት የፈጀው ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ እኔንም ቅጡኝ አልኩ። አዲሱ ሰብሳቢ ሳቁ፤ በክፋት አልነበረም። «ወንድሜ፣ መርሳት በደንቡ ውስጥ የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚቀጣ ሰው ቢያጠፋ ምን እንደሚደረግ አልጻፍንም ነበር። ክፍል ውስጥ ሰውን ከጥፋት የሚጠብቀው ዱላ ሳይሆን ከሰው ጋር ያለው ትስስር ነው ብዬ አስተምራለሁ። እኛ ያደረግነው የአዴን ትስስር አንድ በአንድ መበጠስ ነበር፤ መጀመሪያ መዝሙሩን፣ ቀጥሎ ማዕዱን፣ ከዚያ ሰላምታውን። ያም ሆኖ አልጠፉም፣ በየእሑዱ ይመጡ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛው ንድፈ ሐሳብ እንደሚገለጽ አላውቅም።

እሑድ ወደ ኅብረት መመለሳቸው በሁለቱም ቋንቋ ተነገረ። ወደ ፊት ወጡ፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጫኑባቸው፣ ሕዝቡ እልል አለ። ደስታዬ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር። ከመድረኩ ወርደው ሲሄዱ ኳየሩ ዘንድ የተዘጋጀላቸውን ወንበር አለፉት፣ ከመሃል ያሉትንም ወንበሮች አለፉና በሩ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። የኳየሩ መሪ በኋላ ሄዳ ለምናቸው ነበር። ድምፄ ሄዷል አሏት።

በሚቀጥለው እሑድ፣ የጌታ እራት ቀን፣ ወደ ፊት መሄዴን ትቼ ከአዴ ጎን ተቀመጥኩ። በሁለተኛው መዝሙር መሃል መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ቀጥ አለ፣ ወጣቶቹ ተያዩ። እኔም ወደ አዴ ዞርኩ። ከንፈራቸው ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ዓይናቸውን ወደ ጉልበታቸው ጣሉ፣ ከንፈራቸውም ገጠመ። አንድ ወጣት ከፊት ሆኖ በተሳሳተ ድምፅ ጀመረው፤ እንደምንም ተከትለነው ጨረስን።

ከዚያ ሳህኑ መጣ። የያዘው ዲያቆን ሦስት ዓመት ሙሉ ለአዴ ሲሰጥ የኖረ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን እንደሚበሉ ያውቃልና ፈገግ ብሎ ዝቅ አለላቸው። አዴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ዳቦውን አዩት። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ አሳለፉት።

«አዴ፣ ይውሰዱ እንጂ» አልኩ በሹክሹክታ። ሳህኑን መልሼ አስጠጋሁላቸው። እጃቸው ከጉልበታቸው አልተነሳም። ሊያስቀይሙኝ እንዳልፈለጉ ከፊታቸው ይታያል፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ፊደሉ አልወጣ ሲለኝ እንደሚያዩኝ ነበር ያዩኝ።

«ለሚቀጥለው ወር፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ። «አንተ ውሰድ።»

ሰው እየጠበቀ ነበር። ወሰድኩ። ቁራሹን በመዳፌ ይዤ አንገቴን ደፋሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምውጠው አላወቅኩም። ምእመናን ለመዝጊያው ጸሎት ሲነሱ እኔም ተነሳሁ፤ ሰላምታው ሲደርስ መጀመሪያ የምጨብጠው የአዴን እጅ ነው ብዬ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ከጎኔ የሉም። በሩ ላይ ደርሰዋል። በልኩ ብቻ ከፍተው፣ ጎናቸውን አዙረው ወጡ፤ ከውጭም በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ቀስ ብለው ዘጉት። በሦስት ዓመት ውስጥ በሩን እንዳይጮህ አድርጎ መዝጋት ለምደዋል።